ጉድለት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኒውካስል፣ እንግሊዝ

ዛሬ ሬዲዮው ስለ ዛፉ አወራ። ሲካሞር ጋፕ በሚባል ቦታ የነበረውን ዛፍ የቆረጡት ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው አራት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባቸው። የተፈረደውም እዚሁ ኒውካስል ነው። አከራዬ ሻይ እየቀዱ ነበር። በራዱን አስቀምጠው ዝም አሉ።

ልክ የዛሬ ሳምንት ደግሞ የፖስታ ቤቱ ምርመራ፣ ያለ ጥፋታቸው ሌባ የተባሉትን ሰዎች ጉዳይ የሚያጣራው፣ የመጀመሪያ ሪፖርቱ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሁለቱ ዜናዎች እየተደራረቡ ይመጡብኛል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እዚህ አገር የመጣሁት በመስከረም 2016 ነው፣ የውኃ ምሕንድስና ለማጥናት። ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። የመስቀል ዕለት ጠዋት እማዬ ደመራው ወደየት እንደወደቀ ልትነግረኝ ደወለች። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ስገባ አከራዬ ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። ሰው የሞተባቸው መስሎኝ ክው አልኩ። "ዛፉን ቆረጡት" አሉኝ።

ነገሩ የሆነው ያን ሌሊት ነው። ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ሮማውያን በፈረንጆቹ 122 መገንባት የጀመሩት የሃድሪያን ግንብ አለ። ግንቡ በሁለት ኮረብታዎች መሃል ዝቅ በሚልበት ቦታ ላይ ያ ዛፍ ብቻውን ቆሞ ነበር። ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነበር። መዝገበ ቃላት ሲካሞርን "ሾላ" ይለዋል፤ ዘኬዎስ የወጣበት ማለት ነው። ይኸኛው ግን ሌላ ዛፍ ነው፣ ቅጠሉ ብርዱ ከመግባቱ በፊት የሚረግፍ የብርድ አገር ዛፍ። የአከራዬ ባለቤት ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለትዳር የጠየቋቸው እዚያ ሥር ነበር።

እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። በዚያ ሰሞን አማራ ክልል ውጊያ ነበር። የጓደኞቼ ቤተሰቦች ስልክ አይሠራም። እኔ በከፈትኩት ሬዲዮ ስለነሱ አንድ ቃል አልሰማሁም፤ ስለ አንድ ዛፍ ግን ቀኑን ሙሉ ይወራል። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ማታ ላይ የከተማችን ዋርካ ትዝ አለኝ። ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የቀብር መልስ የሚያርፍበት። አንድ ሌሊት ሰው መጋዝ ይዞ ቢመጣበትስ? ወርጄ ከአከራዬ ጋር ሻይ ጠጣሁ። ዜና እንዴት እንደሚሰማ ያን ቀን ነው የተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንም። የሰው ዜና የራስህን ዋርካ እስክታገኝለት ድረስ ዝም ብሎ ወሬ ነው።

የፖስታ ቤቱ ዜና ግን ዋርካ መፈለግ አላስፈለገውም። ቀጥ ብሎ ቤታችን ገባ።

ጃንዋሪ 2024 የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። አይቲቪ የሚባለው ጣቢያ ስለ ሰፈር ፖስታ ቤት ኃላፊዎች አራት ክፍል ድራማ በተከታታይ አራት ምሽት አሳየ። አከራዬ "ነይ እንይ" አሉኝ። የተዋናዮቹ እንግሊዝኛ ፈጣን ነበር፤ ግማሹ ያመልጠኛል። አንድ ቃል ግን ደጋግሞ ይመጣል። ቃሉን በስልኬ ፈለግሁት። "ጉድለት" አለኝ።

ጉድለት። ይህን ቃል ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እዚህ አገር የሰፈር ፖስታ ቤት ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ የሚቀመጥበት ቢሮ አይደለም። አንድ ሰው ሱቅ ይከፍታል። ዳቦና ጋዜጣ ይሸጣል። በሱቁ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ከፖስታ ቤት ድርጅቱ ጋር ውል ገብቶ ቴምብር ይሸጣል፤ ድሮ ለሽማግሌዎች ጡረታም ይከፍል ነበር። ከ1999 ጀምሮ (የዚህ አገር ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ ሆራይዘን የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ተሰጣቸው። የሠራው ፉጂትሱ ነው። ሥርዓቱ ስህተት ነበረበት። ሂሳብ ሲዘጋ የሌለ ጉድለት ያሳያል። አምስት መቶ ፓውንድ፣ ሁለት ሺህ፣ ሠላሳ ሺህ። ውላቸው ደግሞ የጎደለውን አንተ ትተካለህ ይላል።

ሰዎቹ ቤታቸውን አስይዘው ከፈሉ። ከዘመድ ተበደሩ። መክፈል ያቃተው ተከሰሰ። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሂሳብ ጥፋተኛ ተባሉ። ብዙዎቹን የከሰሰው ፖሊስ አይደለም፣ ድርጅቱ ራሱ ነው። ከሳሹም መርማሪውም የጠፋብኝ ባዩም አንድ ነበር። ሕጉም ኮምፒውተር ትክክል እንደሚሠራ አስቀድሞ ይገምት ነበር። አይደለም የሚል ማስረጃውን ያምጣ ነበር ነገሩ። አንድ ባለሱቅ ከየት ያመጣል?

ሲማ ሚስራ የምትባል ሴት ነፍሰ ጡር ሆና በ2010 እስር ቤት ገባች። የተፈረደባት ቀን ልጇ አሥር ዓመት የሞላበት ቀን ነበር። ይህን ክፍል ስናይ ተነስቼ ወጥ ቤት ሄድኩ። አከራዬ የሄድኩት ለእሷ አዝኜ መሰላቸው። አዝኛለሁም። ግን እሷ ብቻ አልነበረችም።

አባቴ በአንድ ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ፣ በእኛ አቆጣጠር 1993 ላይ፣ ኦዲተሮች መጡና ቆጠራ ተደረገ። 11,460 ብር ጎደለ ተባለ። አባባ ሁለት ጥራዝ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል አሉ። ሞዴል 64 የሚባሉትን የገንዘብ መቀበያ ደረሰኞች በተርታ ዘርግተው አሳዩ። የሰማቸው የለም። "መዝገቡ እንዲህ ይላል" ነበር መልሱ። እዚያ ኮምፒውተር አልነበረም። ግን መዝገቡ ሲናገር ሰው ዝም ይላል፤ ያው ነው።

ስድስት ዓመት ከደመወዛቸው ተቆረጠ። የእማዬ የአንገት ሐብል ተሸጠ። እኔን ያመመኝ ግን እሱ አይደለም። ቡና ላይ የሚወራው ነው። "ሳይበላ አይቀርም።" አማርኛ ለዚህ ነገር ያለው ቃል "በላ" ነው። እኔም ልጅ ስለነበርኩ በምግብ ሰዓት የአባባን እጅ አይ ነበር። ምን እንደፈለግሁ አሁን ድረስ አላውቅም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለእሳቸውም።

አባባ ሁልጊዜ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይሉ ነበር። ሃያ አራት ዓመት አደረ።

ከድራማው በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አለን ቤትስ የሚባሉት ሰው ዌልስ ውስጥ ላንዲድኖ አጠገብ ፖስታ ቤት ነበራቸው። በ2003 ውላቸው ተቋረጠ። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ ፈልገው ሰበሰቡ። ለእርዳታ ሲደውሉ ብዙዎቹ የተሰጣቸው መልስ "ይህ የገጠመህ አንተን ብቻ ነው" የሚል ነበር። ስንት ሰው በየቤቱ ብቻዬን ነኝ ብሎ ቁጭ አለ! ለአባቴም የተባለው ይኸው ነው። "ሌላ ያዥ እንዲህ ገጥሞት አያውቅም" ተባሉ። 555 ሆነው ከሰሱ፤ በ2019 ዳኛው ሥርዓቱ የሚታመን እንዳልነበረ ፈረዱ። በ2021 ይግባኝ ሰሚው 39 ሰዎችን በአንድ ቀን ነፃ አወጣ። ሜይ 2024 ደግሞ ፓርላማው ከቀሩት ብዙዎቹን በሕግ ነፃ አደረጋቸው።

አንድ ነገር በጣም ከነከነኝ። መርማሪዎቹ ተጠርጣሪዎችን በዘር የሚመድቡበት ቅጽ ነበራቸው። የጥቁር ሕዝቦች ስያሜ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ፣ ዛሬ ሰው አፉን ሞልቶ የማይናገረው ቃል ነበር። ከተከሰሱት ጥቂት የማይባሉት ደግሞ ቤተሰባቸው ከደቡብ እስያ የመጣ ነው። አገር ለቆ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ በሰፈሩ "ታማኝ ሰው" ተብሎ መጠራት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ስደተኛ ያውቃል።

የዛሬ ሳምንት የወጣው ሪፖርት ቢያንስ 13 ሰዎች በዚህ ምክንያት ራሳቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ ይናገራል። 59 ሰዎች ደግሞ ስለ መሞት አስበው ነበር። ቁጥሩን ሳነብ አባባ አንድ ክረምት ሙሉ ከቤት ያልወጡበት ጊዜ ትዝ አለኝ። እማዬ ያኔ ማታ ማታ ለምን በሩን በቁልፍ እንደምትዘጋና ቁልፉን ጡቷ ሥር እንደምታስገባ አሁን ገባኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሌባ ፈርታ ነበር የሚመስለኝ።

ለዛፉ ሁለት ሰዎች ታሰሩ። ይገባቸዋል። ከ900 በላይ ሰው ላይ ለደረሰው ግን፣ ይህን እስከምጽፍበት ድረስ፣ አንድም ሰው ፍርድ ቤት አልቀረበም። ፖሊስ እየመረመረ ነው ይባላል። ይህን ለአከራዬ ስላቸው ተቆጡ፤ በእኔ ሳይሆን በነገሩ። "እኛ ዛፍ ለመውደድ ጊዜ አይወስድብንም" አሉ። እኔ ግን ከዚህ አገር የምቀናበት ነገር አለኝ። ዘግይቶም ቢሆን መርማሪ ተሰይሟል። አለቆቹ ሕዝብ እያየ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተጠይቀዋል። የድርጅቱ የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፖላ ቬኔልስ እያለቀሱ ሲመልሱ አይቻለሁ። ለአባቴ ማን ተጠየቀ? የፈረሙት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል። መሥሪያ ቤቱም ስሙ ተቀይሯል።

እሑድ ለአባባ ደወልኩ። ሪፖርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ካሳው ስንት እንደሆነ ይጠይቁኛል ብዬ ቁጥሮቹን ጽፌ ይዤ ነበር። አልጠየቁም።

"ልጄ፣ ሰፈሩስ?" አሉኝ።

"ምን ሰፈር፣ አባባ?"

"ጎረቤቶቻቸው። ምን አሏቸው?"

ብዙዎቹን ሌባ እንዳሏቸው ነገርኳቸው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንደተሰደቡ ነገርኳቸው። ከዚያ ጆ ሃሚልተን ትዝ አለችኝ። ሃምፕሻየር ውስጥ የአንዲት ትንሽ መንደር ፖስታ ቤት ነበረቻት። የእርዳታ መስመሩ የነገራትን ስታደርግ ጉድለቱ ዓይኗ እያየ እጥፍ ሆነ። በመጨረሻ 36,000 ፓውንድ ክፈይ ተባለች። የመንደሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አገዟት። ፍርድ ቤት ስትቀርብም አብረዋት ሄደው አዳራሹን ሞሉት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባባ?" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። ትንሽ ቆይተው "ሁሉም አብረዋት ሄዱ?" አሉኝ።

"ብዙዎቹ።"

"ማን አልሽኝ ስሟን?"

"ጆ።"

"ጆ" አሉ፤ እንደገና "ጆ" አሉ። ከዚያ ስልኩን ለእማዬ ሰጧት።

ዛሬ ማታ እማዬ ደውላ ነበር። አባትሽ ከቁም ሣጥን ላይ ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን አውርደው ከትናንት ጀምሮ ወረቀት ያገላብጣሉ አለችኝ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ሞዴል 64ቱን መሬት ላይ በቀን በቀኑ እየደረደሩ ነው። "ምሳ ብሉ ብለው አልነሳ አሉኝ" አለች። እንዳትረግጥባቸው በጓዳ በር ነው የምትወጣው።