ውርርድ ከፍ ሲደረግብን

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ገንዘብ ሳናስይዝ በቺፕ ብቻ ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ዓይነት (ለእያንዳንዱ ሁለት የግል ካርታ ይታደላል፣ አምስት የጋራ ካርታዎች ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ) ቺፑ ያለቀበት በሚወጣበት የቶርናመንት ሥርዓት የምንጫወት ጓደኛሞች አለን። ብዙዎቻችን ካርታን የለመድነው በኮንከር ስለሆነ፣ አንድ ሰው ውርርዱን ከፍ ባደረገ ቁጥር ዐይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በራሳችን ካርታ ላይ ነው። እኔ ግን የራስ ካርታ መመዘን ያለበት በመጨረሻ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ለምሳሌ ኤስና ጃክ ይዘናል። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ውርርዱን ከፍ ያደረገው የመጀመሪያው ተናጋሪ ከሆነ፣ ከእሱ በኋላ ስምንት ሰዎች ገና ስላልተናገሩ በደካማ ካርታ መድፈር ይከብደዋል፤ ስለዚህ ኤስ ከኪንግ ወይም ከኩዊን ጋር ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠረጴዛው ላይ ኤስ ቢወጣልን እንኳ በጃካችን ምክንያት ልንበለጥ እንችላለን። ከፍ ያደረገው በአከፋፋዩ ቦታ ያለው ተጫዋች ሲሆን ግን ከኋላው የቀሩት ሁለቱ ብላይንዶች (ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ የሚያስይዙት ተጫዋቾች) ብቻ ስለሆኑ በብዙ ደካማ ካርታ ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ይኸው ኤስና ጃክ መልሶ ከፍ ለማድረግ ይበቃል።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። ትንሹ ብላይንድ የሚያስይዘው 500፣ ትልቁ 1,000፣ ትልቁ ብላይንድ ለጠረጴዛው ሁሉ የሚከፍለው አንቴ (ተጨማሪ የግዴታ መዋጮ) 1,000 ሆኖ፣ አንድ ሰው ወደ 2,200 ከፍ ቢያደርግና ሌሎቹ ካርታቸውን ጥለው ቢወጡ፣ ትልቁ ብላይንድ 1,200 ጨምሮ መሐል ላለው 4,700 ይወዳደራል። 1,200 ለ5,900 ሲካፈል 20 በመቶ ገደማ ስለሚሆን፣ ካርታው ከአምስት ጊዜ አንዴ ትንሽ በልጦ ቢያሸንፍ ወጪውን ይመልሳል። ይሁንና የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ከተገለጡ በኋላ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ስለሆነ፣ ከዚህ ከፍ ያለ ዕድል መፈለግ ተገቢ ነው።

የቺፑ መጠን ሁሉንም ይለውጣል። የትልቁን ብላይንድ 15 እጥፍ ብቻ ይዞ ዝም ብሎ መከተልና በኋላ መጣል ቺፕን ማባከን ነው፤ ወይ መጣል ወይ ሁሉንም ማስገባት ይሻላል፣ ሁሉንም ማስገባት ተጋጣሚውንም ሊያስጥለው ይችላልና። እኛ ዘንድ የደረጃ ነጥብ የሚያገኙት የመጨረሻዎቹ ሦስት ናቸው። አራት ሰው ሲቀር ቺፕን በእጥፍ ማሳደግ የነጥብን ተስፋ በእጥፍ አያሳድግም፤ ሁሉንም ማጣት ግን ያለ ነጥብ ያሰናብታል። ስለዚህ ውርርዱን ከፍ ያደረገው ከእኔ የበለጠ ቺፕ ያለው ሰው ሆኖ፣ ሌላው ተጫዋች ደግሞ ከሁለት ብላይንድ ያነሰ ከቀረው፣ ኤስና ጃኬን ጥዬ የዚያን ቺፕ ያነሰውን ተጫዋች መውጣት እጠብቃለሁ።