ዱላ የያዘ ሰውና ቆመጥ የመዘዘ ፖሊስ

በቅርቡ በገበያ ቀን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ወጣት ፖሊስና አንድ ገበሬ ሲፋጠጡ አየሁ። ገበሬው አውቶቡስ ላይ በጫነው የጤፍ ኩንታል ሒሳብ ከረዳቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ቆይቶ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ወጣቱ ፖሊስ ቆመጡን መዞ "ዱላህን ጣል!" ሲለው ሰውየው ዱላውን ይበልጥ ጨበጠ። በእኛ አገር ዱላ ትከሻ ላይ ማጋደም ጋቢ እንደ መደረብ ያለ ነገር ነው፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ጣል መባል ግን ውርደት ነው። ያን ጊዜ በዕድሜ ጠና ያለ ሌላ ፖሊስ መጣና ባልደረባውን በእጁ ገለል አድርጎ፣ ራሱም ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆሞ፣ "አባቴ፣ ጤፉ ወዴት ነው የሚሄደው?" ብሎ ጠየቀ። "አዲስ አበባ፣ ለልጄ ነው" አለ ገበሬው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የጭነት ሒሳብ ክርክር ብቻ ሆኖ ቀረ።

ያ ፖሊስ ያደረገው በሌላ አገር በሥልጠና መልክ ይሰጣል። በአሜሪካ የፖሊስ ኃላፊዎች የጥናት ፎረም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ያዘጋጀው "አይካት" የተባለ ሥልጠና በተለይ የሚያተኩረው ጠመንጃ ባልያዘ፣ ነገር ግን በተቆጣ ወይም አእምሮው በተረበሸ ሰው ላይ ነው፤ ሰውየው ቢላዋ ወይም ዱላ ይዞ ሊሆን ይችላል። ፖሊሱ ርቀት እንዲጠብቅ፣ ጊዜ እንዲገዛ፣ እንዲያዳምጥና ሁኔታው በተለወጠ ቁጥር ውሳኔውን እንደገና እንዲመረምር ያስተምራል።

ሥልጠናው በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ በተሰጠ ጊዜ ተመራማሪዎች የፖሊስ ክፍሎቹን በተለያየ ጊዜ በየተራ እንዲሠለጥኑ በማድረግ ውጤቱን ለኩት። በኃይል መጠቀም 28 በመቶ፣ የነዋሪዎች ጉዳት 26 በመቶ፣ የፖሊሶቹ የራሳቸው ጉዳት ደግሞ 36 በመቶ ቀነሰ። እኔን የያዘኝ የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ፖሊሶች እንዲህ ያለውን ሥልጠና የሚጠራጠሩት "ስናመነታ እንመታለን" ብለው ነው፤ ቁጥሩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል።

ይሁን እንጂ በአመለካከትና በተግባር መካከል ያለውን ርቀት መዘንጋት አይገባም። ሠልጣኝ ከክፍል ሲወጣ በሚሞላው መጠይቅ ላይ "ከኃይል በፊት ንግግር ይቅደም" የሚለውን ሐሳብ መደገፍ አይከብደውም፤ ፈተናው ከወራት በኋላ፣ ሕዝብ ከቦ በሚያየው ሰዓት ነው። የሉዊቪል ፖሊስም ቢሆን በመጋቢት 2020 ብሪዮና ቴይለር የተባለችን ሴት በገዛ መኖሪያዋ በሌሊት ፍተሻ ገድሏል፤ በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ባወጣው ሪፖርት መምሪያው የዜጎችን መብት በተደጋጋሚ ይጥስ እንደነበር ገልጿል። ሥልጠና የአንድን ፖሊስ አንደበትና አቋቋም ሊያርም ይችል ይሆናል፤ በር ሰብራችሁ ግቡ የሚለውን ትእዛዝ ግን አያርምም። እኛም ዘንድ መሣሪያ በሞላበትና ውጊያ ባለበት ቀበሌ ከዚህ ሥልጠና ተአምር መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል።

ከኃይል በፊት ጠብን በንግግር የማብረድ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። "በሕግ አምላክ!" የተባለ ሰው ባለበት እንዲቆም የሚጠበቅበት ዘመን ነበር፤ ዛሬም የተጣላን የሚገላግል ሰው መጀመሪያ መሐል ይገባል እንጂ አይማታም። የቸገረው ይህን ወጣቱ ፖሊስ በኮርስ መልክ አግኝቶ መለማመዱ፣ አለቃውም በዚሁ መመዘኑ ነው። ሉዊቪል ላይ ልዩነቱ ሊለካ የቻለው ፖሊሱ ኃይል በተጠቀመ ቁጥር ይመዘገብ ስለነበር ነው። የመናኸሪያው ጠብ ግን የተያዘም የተጎዳም ሰው ስላልነበረበት በየትኛውም የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ የሰፈረ አይመስለኝም።