ጊታር የሌለበት ዜማ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። የምታውቁት ስሜት ነው፤ ሲመጣ ምክንያቱን አይናገርም። ታላቄ «ሻይ ላፍላልሽ?» ስትለኝ እንኳ በቅጡ አልመለስኩላትም። ማዳመጫዬን ሰክቼ ማርቲኔቴ የሚባለውን የፍላሜንኮ ዜማ ከፈትኩ።

ከፍላሜንኮ፣ ከደቡብ ስፔን የዘፈንና የጭፈራ ባህል፣ ዜማዎች መካከል ይሄኛው ጊታር የለውም። አንድ ድምፅ ብቻውን ያንጎራጉራል፤ አንዳንዴ መዶሻ መስፍ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። መነሻው በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ፣ ብረት እየቀጠቀጡ ይኖሩ ከነበሩ ሂታኖዎች፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ጂፕሲ ከሚባለው የዚያ አገር የሮማ ሕዝብ፣ እንደሆነ ይነገራል።

እነሱን ባሰብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ 1749 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ የስፔን መንግሥት ሂታኖዎችን በየከተማው በአንድ ጊዜ አሳፈሰ። 9,000 ያህል ሰው ተያዘ። ባልና ሚስትን ለያዩ። ወንዶቹ በባሕር ኃይሉ የመርከብ መሥሪያዎች ለጉልበት ሥራ ተጣሉ፤ ሴቶቹ ከሕፃናቱ ጋር ሌላ ቦታ ተዘጋባቸው። የታሰበው ዘር እንዳይተኩ ነበር! አንዳንዶቹ እስከ 1765 አልተፈቱም። ከማርቲኔቴ ጋር የሚዛመዱ የእስር ቤት ዜማዎች መኖራቸው ከዚህ በኋላ አይገርመኝም።

ታዲያ ፍላሜንኮ የሂታኖዎች ብቻ ነው? እንደዚያ ብዬ ለመዝጋት ልቤ ይፈልጋል፤ ታሪኩ ግን እሺ አይልም። አንዳሉሲያ ለዘመናት የሙስሊሞች አገር ነበረች፤ አይሁድም ኖረውባታል። በከተማዋ በሴቪያ በባርነት የመጡ ጥቁር አፍሪካውያን ነበሩ፤ መርከቦችም ከአሜሪካ አዳዲስ ምት ይዘው ይመለሱ ነበር። ፋንዳንጎ የሚባለው የድሃው አንዳሉሲያዊ ገበሬ ዘፈንም አለ።

ከሁሉ የሚይዘኝ ግን ዘፋኙ ሲልቬርዮ ፍራንኮኔቲ ነው። አባቱ ጣልያናዊ፣ እሱ ራሱ ሂታኖ ያልሆነ ሰው። ያም ሆኖ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴጊሪያን፣ ያንን ከሁሉ የከበደ እንጉርጉሮ፣ ከሂታኖዎች ተምሮ ከታላላቆቹ ዘፋኞች አንዱ ሆነ። በ1881 በሴቪያ የዘፈን ካፌ ከፍቶ በየቤቱና በየሠርጉ ይዜም የነበረውን ለከፋይ ሕዝብ አቀረበው። ብዙዎች ያኔ ተበላሸ ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ያለዚያ መድረክ ስንቱ ዜማ ከባለቤቱ ጋር በተቀበረ ነበር።

ግን ቅድም ስለዚያ እስር ያልኩትን አልረሳሁም። አባቶቹ ያልታሰሩበት ሰው የታሳሪን ዜማ እንዲያ አድርጎ ሲዘፍነው፣ ሐዘኑን ተሸከመላቸው ወይስ ወሰደባቸው?