ድምፁ እስኪያልፍ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ነው የዋልኩት፤ ምክንያቱን እንጃ። ዝናቡም አለበት። ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ጋር ስታዲየም አካባቢ ሻይ ይዘን ስለ ቤት ኪራይ እያወራን ሳለ ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። ወሬዬን መሃል ላይ ቆርጬ ድምፁ እስኪያልፍ ዝም አልኩ። «ምነው? ምን ሆንክ?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም። ጅቡቲ ያስያዘችኝ አመል ነው።

እዚያ እንዲህ ነው። አምቡሊ አየር ማረፊያ ከከተማው ጋር የተጣበቀ ነው። የመንገደኛው አውሮፕላንም፣ የፈረንሳዮቹ ተዋጊ ጄት ሚራዥም፣ የአሜሪካኖቹ ግዙፍ የጭነት አውሮፕላንም የሚነሱት ከዚያው ከአንዱ ማኮብኮቢያ ነው። ሚራዥ ሲነሳ የመስኮት መስታወት ይርገፈገፋል። ሻይ የምትቀዳዋ ሴትዮ መቅዳቷን አታቆምም፤ የሚያወራው ሰው ብቻ አፉን ይገጥማል፤ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

አሁን ማታ ነው፤ እህቴ ከተለየችኝ ጀምሮ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው ምን ያህል ቶሎ ይለምዳል!

መጀመሪያ የሄድኩ ሰሞን ሁሉም ይገርመኝ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚያ ሳለሁ የለመድኩት እንደዚያ ነው።) ፈረንሳዮቹ አገሪቱ በ1977 ነፃ ስትወጣም ጦራቸውን አላስወጡም። የእነሱ ሌጂዮን (የውጭ ዜጎች የሚቀጠሩበት ጦራቸው) የነበረበትን ካምፕ ለሞኒዬን፣ ከኒው ዮርኩ ጥቃት በኋላ አሜሪካኖቹ ያዙት። ጃፓኖች በ2011 መጡ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከአገራቸው ውጭ የተከሉት የመጀመሪያው ሰፈር ነው። ጣሊያኖች በ2013፣ ቻይኖች በ2017 ተጨመሩ፤ ለቻይናም የመጀመሪያው የውጭ አገር ጦር ሰፈሯ ነው። እርስ በርስ በክፉ ዓይን የሚተያዩ መንግሥታት በአንዲት ትንሽ ከተማ ጎረቤት ሆነው ያድራሉ። አሜሪካኖቹ ብቻቸውን በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኪራይ ለመክፈል ነበር በ2014 የተስማሙት።

ሥራዬ ትራንዚት ስለነበር ዶራሌ እመላለስ ነበር። የእኛ ማዳበሪያና ስንዴ ከሚራገፍበት ወደብ አጠገብ የቻይኖቹ አጥር አለ፤ ረጅም ነው፣ ወዲያ ማዶው አይታይም። ያንን አጥር እያየሁ የማስበው ስለ ጦር አልነበረም። ስለ ዲመሬጅ ነበር፤ የቆመ መርከብ በቀን ስንት ዶላር እንደሚበላ፣ የጭነት መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ጠዋት ከአዲስ አበባ ማን ደውሎ እንደሚጮህብኝ። ሥራ ለካ ዓይን ይጋርዳል።

እዚህ አዲስ አበባ ኦራል መኪኖች ተከታትለው ካለፉ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። «ምን ተፈጠረ?» ይባላል። ስልክ ይደወላል። እዚያ ግን የአምስት አገር ወታደር በአንድ ቀን አይቼ ልቤ ደንገጥ አይልም ነበር። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ በቁምጣ ሲሮጡ አያቸዋለሁ፤ ማታ የየመን ዓሣ ቤት ከጎኔ ተቀምጠው ያላብባቸዋል። ያን ዓሣ የበላችሁ ታውቁታላችሁ። ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈትና በርበሬ ተቀብቶ ከጭቃው ምድጃ ውስጥ ይሰቀላል፤ ዳርዳሩ ጠቁሮ፣ መሃሉ ነጭ ሆኖ፣ ትሪ በሚያህል ትኩስ ቂጣ ላይ በጋዜጣ ይቀርባል። ሁሉም በእጁ ይበላል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ እግር ወታደር አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበት አስተናጋጁ ቂጣ ጠቅልሎ ሲያጎርሰው አይቻለሁ። ያን ጊዜ የማን አገር ወታደር እንደሆነ ትዝ አላለኝም። እናት ያለው ልጅ ነበር።

የማልፈራቸው ለምንድን ነው? የእነሱ ጦርነት የእኔ ስላልሆነ ይሆን? አፈሙዙ ወደ ሌላ ስለዞረ? እንጂ ከተማዋማ ዳፋው ደርሶባታል። በ2014 የውጭ ወታደሮች የሚያዘወትሩት ምግብ ቤት ውስጥ አጥፍቶ ጠፊዎች ቦምብ አፈንድተዋል። በማግስቱ ዓመት የመን ሲነድድ ደግሞ የየመን ሰዎች ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባለችው ትንሽ የጅቡቲ ከተማ፣ ኦቦክ፣ በጀልባ ገቡ፤ ድንኳን ተተከለላቸው። የሚገርመው፣ የእኛ ልጆች በዚያው በኦቦክ በኩል ወደዚያ ወደሚነድደው አገር መሻገራቸውን አላቆሙም።

ይኸው፣ መጣሁበት። ለካ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲከፋኝ የዋለው ይህ ነው።

ዓርብ የእረፍት ቀን ነው። ወደ ማታ ሲየስታ ባሕር ዳርቻ እንወርዳለን፤ ጓደኛዬ ሐ. ምንጣፍ ይይዛል፣ እኔ ሻይ። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ረጥቦ ሩቅ ድረስ ይታያል፤ ልጆች እዚያ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሴቶቹ በልብሳቸው ይገባሉ። በሐምሌ፣ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ሲነሳ፣ ቀን 40 ዲግሪ አልፎ ስለሚውል ውሃው ራሱ ትኩስ ነው፤ ቢሆንም ሰው ይገባል። ባሕሩ ላይ ግራጫ የጦር መርከብ ይቆማል፤ ካንዱ ዓርብ እስከ ሌላው ባንዲራው ይለወጣል እንጂ መርከብ አይጠፋም። ከ2008 ጀምሮ የሶማሊያን የባሕር ወንበዴ ለመከላከል ከአውሮፓ የሚላኩትም እዚያ ጎራ ይላሉ። ስንት ዓይን ነው በዚያች ውሃ ላይ የተተከለው! ቀይ ባሕር የሚዘጋበት መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ ጠባቡ ቦታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የምታልፍ ነዳጅ ጫኝ ሁሉ ስሟ፣ ጭነቷ፣ የምትደርስበት ሰዓት ይታወቃል። እኔ እንኳ ተራ የትራንዚት ሠራተኛ፣ የእኛን መርከብ የት እንደደረሰች በስልኬ አያት ነበር።

ጋሽ ታ. የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከድንበሩ ከጋላፊ ወዲህ ሌሊት ሲነዳ የሚያያቸውን፣ በእግራቸው የሚሰደዱትን ልጆቻችንን፣ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ፒኬ ዶዝ ቁጭ ብሎ ይነግረኝ ነበር። «መብራቱ ሲያርፍባቸው ከመንገዱ ወርደው ድንጋይ ሥር ይተኛሉ። የቀረበኝ ብቻ ነው የሚያናግረኝ። ሃይላንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ‹ጋሼ፣ ባሕሩ ቅርብ ነው?› ይለኛል። ምን ልበለው አንተ? ባሕሩ ቅርብ ነው እኮ። ቅርብ ነው።» ውሃ ይሰጣቸዋል። አሳፍሮ ቢያዝ መኪናውም እሱም እንደሚያዙ ያውቃል፤ ስለዚህ ውሃ ብቻ ይሰጣል።

ከዚያ በአሳል ሐይቅ በኩል፣ በታጁራ አድርገው ኦቦክ ይደርሳሉ። በጥር 2019 ኦቦክ አካባቢ ካለችው ከጎዶሪያ የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ከተጫነባቸው ሰው ብዛት ገና ከዳር ሳይርቁ ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰው አለቀ። በዚያ መንገድ ላይ የሚሰጥመው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ የወሎ፣ የጅማ፣ የአርሲ፣ የትግራይ እናት ታውቃለች። በዚያው ባሕር፣ በነዚያው ራዳሮች ሥር።

እኔ ወታደር አይደለሁም፤ የራዳር አሠራር አልማርኩም። ግን ለስንዴው መርከብ የሚበቃ ዓይን ለዚያች ጀልባ እንዴት አይበቃም? የወንበዴ ጀልባም እኮ ትንሽ ናት፤ እሷን ያዩ የለም እንዴ? ወይስ ያዩና፣ የማንም አገር ትእዛዝ ውስጥ ስለሌለች ዝም ብለው ያሳልፏታል? ሰው ከራሱ መንደር ሲነሳ እኛ ካላስቆምነው፣ የጃፓን ወታደር ያስቁምልን ማለትስ ፍርድ ነው?

ሐ. አሁንም እዚያው ነው። ትናንት መልእክት ልኮልኛል፤ «ታኅሣሥ ላይ ና፣ አየሩ መልካም ነው፣ ሲየስታ እንቀመጣለን» ይላል። ባሕሩ ይናፍቀኛል፤ በጣም። የጨው ሽታው፣ የዓርብ ማታው፣ ምንጣፉ። ኦቦክ ደግሞ ከሲየስታ ፊት ለፊት፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ነው። ስሄድ የምቀመጠው ፊቴን ወደዚያ አዙሬ ነው፤ ባሕር ዳር ሌላ አቀማመጥ የለም። እስካሁን አልመለስኩለትም። ምን ልበለው?