«የት ይሄዳል? አለ እኮ»፦ ስለ ዳፍንት አስፈሪ አጭር ፊልም ሐረር ላይ እንዴት ቀረጽን

ዓይኔ ይጠፋል ብሎ ስለሚፈራ ልጅ ፊልም የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ስክሪኑን ማጥቆር ነው። እኛም እንደዚያ ጀመርን። የ14 ደቂቃዋን ፊልም የመጀመሪያ ቅጂ ለጥቂት ሰዎች ስናሳይ፣ ጥቁሩ 20 ሰከንድ ሳይሞላው ከኋላ «መብራት ሄደ!» ተባለ፤ አንዱ ደግሞ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ቆጣሪ ሊያይ ተነሳ። ጨለማ ለእኛ ተመልካች ብርቅ አይደለም። የሚያስፈራው መብራቱ እያለ አለማየት ነው። ስክሪፕቱን እንደገና የጻፍነው በሁለት ዓረፍተ ነገር ዙሪያ ነው፦ ልጁ «እማማ፣ መብራት ሄደ?» ይላል፤ አያቱ ቡና እየቆሉ «የት ይሄዳል? አለ እኮ» ይሉታል።

ሕመሙን ዳፍንት አደረግነው። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት የዓይን ሴሎች የሚፈልጉትን ቀለም መሥራት ያቅታቸዋል፤ ልጁ ቀን ኳስ ሲያባርር ውሎ ሲመሽ ደፍ ላይ ይደናቀፋል። በመጀመሪያው ስክሪፕት ቀትር ላይ መንገድ ይጠፋበት ነበር፤ ዳፍንት እንዲህ ስለማያደርግ ሰረዝነው። ቶሎ ከተደረሰበት በቫይታሚን ኤ የሚድን ሕመም ስለሆነም «መድኃኒት የለውም» የሚል ሰው ፊልሙ ውስጥ የለም። ጅቡንም አወጣነው። ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ቡዳ በር አጠገብ ካሜራ ተክሎ ጅብ አለማስገባት ይከብዳል፤ ነገር ግን ጅብ የገባ ጊዜ ፍርሃቱ ከልጁ ዓይን ወጥቶ ደጅ ይሄዳል፣ ፊልሙም የጅብ ፊልም ይሆናል።

ቤቱ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ በጁገል ውስጥ ያለ «ጌይ ጋር»፣ ማለትም ባህላዊ የሐረሪ ቤት ነው። ዋናው ብርሃን የሚገባው በበሩ ስለሆነ ከበሩ በራቁ ቁጥር ቤቱ ራሱ ይጨልማል። ነደባዎቹ፣ ማለትም የመቀመጫ መደቦቹ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ፣ ቀይ የተቀቡ ናቸው፤ የልጁ አውራ ጣት የነደባውን ጠርዝ ሲፈልግ የሚያሳየው ሾት ከጩኸት ሁሉ በለጠብን።

ብዙ ጊዜ የበላው የአራት ደቂቃው የቡና ትዕይንት ነው። ተመልካቹ ሳያውቀው ብርሃኑ 3 ስቶፕ መውረድ ነበረበት፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ማለትም ወደ አንድ ስምንተኛ። መጀመሪያ የኤልኢዲ መብራቱን ከ64 በመቶ ወደ 8 በመቶ ቀስ እያልን ቀነስነው። ከ10 በመቶ በታች ሲደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ ሄደ፤ ርካሽ መብራት እንዲህ ነው። ከዚያ ጉልበቱን ሳንነካ ርቀቱን ቀየርን። በስሌቱ ከ1 ሜትር ወደ 2.8 ሜትር ማራቅ 3 ስቶፕ ይቀንሳል፤ ነጩ ግድግዳ ብርሃን እየመለሰ ስላስቸገረን ግን ከካሜራው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ሰቅለን እስከ 3.5 ሜትር ሄድን። መብራቱ ሲርቅ የአያትየው ጥላ እየጠራ ይመጣል፤ ያላሰብነው ትርፍ ነው። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ቆልፉት፤ አውቶማቲክ ላይ ከቀረ እናንተ ያጨለማችሁትን ካሜራው መልሶ ያበራዋል። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 ካላደረጋችሁ የቤት አምፖል ምስሉ ላይ መስመር ይጥላል።

የውጭው ማታ በሰዓት ሽሚያ ነው። ኅዳር ላይ ጀምበር 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራበት ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በግንብ መሃል ባሉት ጠባብ መንገዶች ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በአንድ ምሽት ከአራት ቴክ በላይ አላገኘንም። ልምምዱን 10 ሰዓት ላይ ጨርሱ።

ዓይኑን በቅርበት ስትቀርጹ ብሌኑ ላይ የምትታየውን የብርሃን ነጥብ ልብ በሉ። ነጥቧ ካለች ዓይኑ ሕያው ነው፤ በጥቁር ካርቶን ስትጋርዷት፣ ሌላ ምንም ሳይቀየር፣ ዓይኑ የሚያይ አይመስልም። ዓይን ላይ ሌንስ ማድረግና ጠብታ መጨመር አያስፈልግም፣ ለልጅ ጭራሽ አይሞከርም። የዘጠኝ ዓመቱን ተዋናይ ለማስፈራራትም አልሞከርንም፤ እናቱ ከአጠገቡ ሆነው በቀን ለሦስት ሰዓት ብቻ ሠራ። «ፍራ» ማለት ትወና ያበላሻል። «ግድግዳው ላይ ያሉትን መደርደሪያዎች ሳታይ በግራ እጅህ ቁጠር» ስንለው የምንፈልገው ፊት መጣ።

ድምፁን የልብስ ሰፊዎች መንገድ ከሆነው ከመኪና ግርግር አመጣን። የልብስ ስፌት መኪና ከ30 ሳንቲሜትር፣ ጫፉ ከ-12 ዴሲቤል ሳያልፍ ተቀዳ። ከሩቅ የቀዳነው በድንጋዩ ግንብ ማሚቶ ተበላሽቶ ተጣለ፤ ማሚቶ በኋላ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ብርሃኑ አንድ ስቶፕ በወረደ ቁጥር መኪናውን 2 ዴሲቤል ከፍ አደረግነው። የመጨረሻው ጥቁር አሁን 3 ሰከንድ ነው፤ ምጣዱ ላይ ቡናው መንኳኳቱን ስለማያቆም ቆጣሪ ሊያይ የሚነሳ የለም።

የቀለም ሥራውን በጨለማ ክፍል ብቻ ጨርሰን ነበር፤ ቀን በስልክ ሲታይ ግማሹ ትዕይንት ጠፋ። ጥቁሩን ትንሽ አፈካነው፣ ጨለማው ቦታ በቴሌግራም ሲላክ ካሬ ካሬ እንዳይሆንም ስስ ግሬን፣ ማለትም ደቃቅ ነጠብጣብ፣ ጨመርንበት። ከማውጣታችሁ በፊት ፋይሉን ርካሽ ስልክ ላይ፣ ብራይትነሱን ግማሽ አድርጋችሁ፣ በረንዳ ላይ እዩት።