«አይደል»ን ማን ጨመረው?

ለሙያ ፈቃድ በምለማመድበት ጊዜ ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ነባር ባለሙያ ሥራዬን አይቶ የሚያርምበት ሰዓት፣ ለእኔ ኮሪደር ነበር። ሰዓቱ ተመዝግቦ የሚፈረምበትን ሎግ ቡኬን ደረቴ ላይ ታቅፌ ካርድ ክፍሉ አጠገብ እቆማለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ከራውንድ ሲመለሱ ከኋላ ከኋላቸው እላለሁ።

«ዛሬ ምን አለ?»

«ሦስት ኬዝ አየሁ ዶክተር።»

«ጎሽ።» ፊርማ። አንድ ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል።

አልፈርድባቸውም። ስንት ተለማማጅ ነው ለእሳቸው የተቆለለው! ይህን የምለው ግን ዛሬ ነው፤ ያኔ በደንብ ነበር የምፈርድባቸው።

የጥምቀት ሰሞን ነው። ፒያሳ በእንግዳ ተጨናንቋል፣ ባሕረ ጥምቀቱ ውሃ እየተሞላ ነው፣ ተመላላሽ ታካሚው ሳስቷል። ዶክተሩ ጊዜ አገኙ መሰለኝ ቢሯቸው አስገብተው አስቀመጡኝ። ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነበር።

የአንዲት እናት ኬዝ አቀረብኩ። ስለሷ ከዚህ በላይ አልናገርም። ፒኤችኪው-9 የሚባለውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መለኪያ ቅጽ ሞልቼላታለሁ፤ ድምሩ 14፣ መካከለኛ ድብርት። ድምሩን ስናገር ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም።

እሳቸው ድምሩን ከቁብም አልቆጠሩት።

«ዘጠነኛውን እንዴት ብለሽ ጠየቅሻት?»

ዘጠነኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ የሚጠይቀው።

«ዜሮ ነው ዶክተር።»

«ውጤቱን አልጠየቅኩሽም። ቃል በቃል ምን አልሻት?»

«‹ክፉ ክፉ ነገር አታስቢም አይደል?› አልኳት።»

«እሷስ?»

«‹በስመ አብ! ምን በወጣኝ!› አለች።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «‹አይደል›ን ማን ጨመረው? ቅጹ ላይ የለም።»

ፊቴ ጋለ። እውነት ነው፣ ቅጹ ላይ የለም። የጨመርኩት እኔ ነኝ። «አይደል» እኮ ጉርሻ ነው። መልሱን ጠቅልለህ አፉ ድረስ ታደርስለታለህ፤ ሰውየው ደግሞ ጨዋ ከሆነ እምቢ አይልም። ልጇን የምታክል ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ እያጎረሰቻት ያቺ እናት ምን ልትል ኖሯል?

«በቀጥታ ብጠይቃት ሐሳቡን የማስገባባት መስሎኝ ፈራሁ» አልኩ።

«መጠየቅ ሐሳብ አይተክልም። ተምረሽዋል።»

ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ።

«‹አዎ› ብትልሽ ምን ልታደርጊ ነበር?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

«በይ እኔን ጠይቂኝ።»

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...»

«ይቅርታውን ተይው።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?»

ዝም አሉ። የሚያስቡ ይመስላሉ። ዝምታው ረዘመ። ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ያንባርቃል። «አይደል?» ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች፤ ዋጥኳት።

«አየሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጠየቅሽኝ። አልሞትኩም።» ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ዛሬውኑ ደውዪላት። ለቀጠሮዋ አታሳድሪው።»

ደወልኩ። በማግስቱ መጣች። እንደ ቅጹ ጠየቅኳት። የመለሰችልኝ የእሷ ነው፤ እዚህ አይጻፍም። ዜሮውን ግን ሰርዣለሁ።

ከወራት በኋላ ሰዓቴ ሲደመር አንድ ሰዓት ጎደለ። ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። በኮሪደር የተፈረሙት ሁሉ ፊርማቸው ቁልጭ ብሎ አለ። የሌለው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ለካ በድንጋጤዬ ሎግ ቡኩን ሳላስፈርም ነው የወጣሁት።

የት አገኘኋቸው? ኮሪደር ላይ።

«የመቼ ነው?»

«የጥምቀት ሰሞን ነው ዶክተር፣ ያ ‹አይደል› ያሉኝ ቀን።»

«እኔ? ምን አልኩሽ?» እየሄዱ ፈረሙ።

አሁን የሰው ሎግ ቡክ የምፈርመው እኔ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ አንዷ ተለማማጅ ካርድ ክፍሉ አጠገብ ሎግ ቡኳን ታቅፋ ቆማለች። ቸኩዬ ነበር። ፈረምኩላትና «ችግር የለም አይደል?» አልኳት።

«የለም» አለችኝ።

ደረጃው ጋ ደርሼ ነው ያልኩትን የሰማሁት።