አይተሃል፣ አንብበሃል ወይስ ሰምተሃል?

የቅርጫት ኳስ ክርክር ጓደኛ ያጣላል የሚል ሰው ካለ ልክ ነው፣ ያጣላል። እኛ ግን እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ስንከራከር ቆይተን ይበልጥ ተማምነናል። ይህ ዝም ብሎ አልመጣም። እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ፣ ምናልባት ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

አንዱ ጓደኛችን ባጃጅ ይነዳል። አንዱ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። አንዱ አስተማሪ ነው። አንዷ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፣ ከሁላችንም በላይ ጨዋታ የምትከታተለው እሷ ናት። ከሁላችን የሚበልጡት ጋሼ ደግሞ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቅርጫት ኳስ ተጫውተዋል። አብረን እቁብ እንጥላለን፣ የእቁቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ።

የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ጨዋታ እኛ ጋ የሚደርሰው ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ኒው ዮርክ ላይ ማታ 1 ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ በእነሱ ክረምት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚመስል ለሸዋ ሰው አልነግርም። ጋቢ ተከናንቦ በቀጥታ የሚያየው ከሌሊት ፈረቃ የወጣው ልጅና አንድ ሁለት ሰው ነው። ሌሎቻችን ጠዋት ሃይላይት እናያለን። ክርክሩ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነበር። ጨዋታውን ሙሉ ያየውም፣ የአምስት ደቂቃ ቅንጭብ ያየውም፣ ቲክቶክ ላይ ሰው ሲያወራ የሰማውም እኩል ጮኾ፣ እኩል ምሎ ይከራከራል።

ነገሩ የከረረው የድሮው የኤንቢኤ ተጫዋች ዊልት ቻምበርሊን በአንድ ጨዋታ ባስቆጠረው 100 ነጥብ ነው። ባለባጃጁ «ቪዲዮ የሌለው ሪከርድ ተረት ነው» አለ። አስተማሪው ተቆጣ። አንዱ ሌላውን ውሸታም አለው። እቁብ አብረው በሚጥሉ ሰዎች መካከል ይህ ቃል እንደ ቀልድ አይታለፍም። ብሩን የሚሰጡት እኮ ተማምነው ነው።

በማግስቱ ደብተር ይዤ መጣሁና ሦስት ረድፍ አሰመርኩ። አይቻለሁ። አንብቤያለሁ። ሰምቻለሁ። ማንም ሰው ስለ ተጫዋች አንድ ነገር ሲናገር በየትኛው እንደሚገባ መጀመሪያ ይናገራል። ሌላ ምንም የለውም። ማንም ሐሳቡን አይከለከልም፣ ከየት እንዳመጣው ብቻ ይናገራል።

የመጀመሪያውን ገጽ በዊልት ጀመርን። «አይቻለሁ» ባዶ ሆነ፣ የጨዋታው ቪዲዮ የለምና። «አንብቤያለሁ» ግን ሞላ። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962፣ ኸርሺ፣ ፔንሲልቬንያ። ፊላደልፊያ ዋሪየርስ 169፣ ኒው ዮርክ ኒክስ 147። ከ63 ሙከራ 36 አገባ፣ ከ32 የቅጣት ምት ደግሞ 28። በይፋ የተመዘገበው ተመልካች 4,124 ነበር። «100» የሚል ወረቀት ይዞ የተነሳውን ፎቶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወረቀቱን የጻፈለት የጨዋታውን ቁጥር ሲመዘግብ ያመሸው ሃርቪ ፖላክ ነው። የአራተኛው ሩብ የሬዲዮ ስርጭት ቅጂም አለ።

ባለባጃጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ የምናምነው ጸሐፊውን ነው ማለት ነው» አለ። በትክክል! እኔም የእቁቡን መዝገብ አወጣሁለት። ባለፈው ሳምንት ማን እንደጣለና ማን እንዳልጣለ አንተ በዓይንህ አላየህም፣ ሥራ ላይ ነበርክ። ያመንከው የእኔን ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ያመንከው ደግሞ እኔን ስለምታውቀኝና ጥርጣሬ ካደረብህ እያንዳንዱን አባል መጠየቅ ስለምትችል ነው። ሪከርድም እንደዚሁ ነው። ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይጻፍ፣ አንደኛው ላይ ግን አይገባም» አለ። በዚህ ተስማማን። ውሸታም የሚለው ቃልም ከዚያ ወዲያ ጠፋ፣ ምክንያቱም አላስፈለገም። ሰው የሚዋሸው የሰማውን አየሁ ሲል ነው። እሱን ደግሞ ረድፉ ያጋልጠዋል።

ከዚያ በተቃራኒው የሆነ ነገር ገጠመን። በዓይን የታየ፣ ቪዲዮም ያለው፣ ግን የማይታመን ቁጥር። እ.ኤ.አ. ማርች 2003 የክሊቭላንዱ ሪኪ ዴቪስ ከዩታ ጋር ሲጫወት ትሪፕል ደብል (በሦስት ዘርፍ አስርና ከዚያ በላይ) ሊሞላ አንድ ሪባውንድ፣ ማለትም ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ፣ ቀረው። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ ቡድኑ እየመራ ነው። ኳሷን ወደ ራሱ ቅርጫት ወረወረና ተመልሳ ስትመጣ ያዛት። አልተቆጠረለትም፣ ክለቡም ቀጣው። እ.ኤ.አ. ማርች 2023 የሚልዋውኪው ያኒስ አንቴቶኩምፖ ከዋሽንግተን ጋር ሲጫወት በመጨረሻው ሰዓት ተመሳሳይ ነገር አደረገ። መጀመሪያ ተቆጠረለት፣ በማግስቱ ሊጉ ሰረዘው። ያኒስን በጣም እወደዋለሁ፣ መሰረዙ ግን ትክክል ነው። ሪባውንድ የሚቆጠረው ሰው ሊያገባ ሞክሮ ስለሳተ ነው። ለመቆጠር ተብሎ የተሠራ ነገር መዝገብ ላይ ሲገባ ሌላው የተጻፈውም ይጠረጠራል። በትዳርም በጓደኝነትም ይህንን አያለሁ። እንዲታይ ብቻ የተደረገ ውለታ ሲነቃበት የቀድሞው እውነተኛ ውለታም አብሮ ይረክሳል።

ከሁሉም ያስተማረኝ ግን ጋሼ ያነሱት ነገር ነው። ስለ ድሮው የቦስተን ተጫዋች ቢል ራስል ስንከራከር አስተማሪው «በጨዋታ ስንት ብሎክ ነበረው?» ብሎ ጠየቀ፣ ስንት የተወረወረ ኳስ አገደ ማለቱ ነው። ስንፈልግ የለም። ኤንቢኤ ብሎክና ስቲል (ኳስ መንጠቅ) መቁጠር የጀመረው በ1973-74 የውድድር ዘመን ነው፣ ራስል ደግሞ በ1969 አቁሟል። ስለዚህ በዘመኑ እጅግ የተፈራው ተከላካይ ብሎኩ አይታወቅም። የሦስት ነጥብ መስመሩም የመጣው በ1979-80 ነው። ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «አልተቆጠረም ማለት አልተሠራም ማለት አይደለም፣ ልጆቼ። እናንተ ባዶ ቦታ ስታዩ ዜሮ ትላላችሁ።»

ወዲያው ትዝ ያለኝ ባለባጃጃችን ነው። እቁብ ላይ ያዘገያል፣ ይህ መዝገብ ላይ አለ። ለቅሶ ሲኖር ግን ድንኳን የሚያመላልሰው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ እስከ ሠልስቱ የማይጠፋው እሱ ነው። ይህ የትም አልተጻፈም። ከዚያ ቀን በኋላ በደብተሩ ጀርባ «ያልተቆጠረ» የሚል ገጽ ከፈትን። የራስል ብሎክ እዚያ አለ። የባለባጃጁም ድንኳን አለ። ሲያየው አፈረ፣ ደስም አለው።

ሁለተኛው ደንባችን ከበድ ይላል። ለተጫዋችህ ከመከራከርህ በፊት ተጫዋችህን የሚጎዳውን እውነት ራስህ ቀድመህ ትናገራለህ። የጆርዳን ሰው በ1986 ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ዙር) ቦስተን ላይ 63 ነጥብ ያስቆጠረበትን ምሽት ከማንሳቱ በፊት ቺካጎ 135 ለ131 እንደተሸነፈችና ሦስቱንም ጨዋታ ተረትታ እንደወጣች ይናገራል። የኮቢ ሰው ስለ መጨረሻ ጨዋታው 60 ነጥብ ሲያወራ 50 ጊዜ እንደወረወረና 22 እንዳገባ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ በ2006 ቶሮንቶ ላይ ስላስቆጠረው 81፣ ከዚያም ውስጥ 55ቱ በሁለተኛው አጋማሽ ስለመሆኑ እንደልቡ ያውራ፣ ይገባዋል። የሊብሮን ሰው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023 የካሪም አብዱል-ጀባርን የምንጊዜም የነጥብ ሪከርድ፣ 38,387ን፣ ያለፈበትን ምሽት ከማድነቁ በፊት የ2011ን ፍጻሜ ያነሳል። ያኔ በአማካይ 17.8 ነጥብ ብቻ አግብቶ በዳላስ ተሸንፏል። ሊብሮን በ18 ዓመቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ እንደገባ፣ ካሪም ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ዘግይቶ መቁጠር እንደጀመረም ይጨምርበታል።

መጀመሪያ ሁሉም ጠላው። ራስን መምታት መሰላቸው። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ታየን። የሚጎዳውን ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው የሚጠቅመውን ሲናገር ማንም አይጠራጠረውም። ጩኸቱም በራሱ ቀነሰ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ቤቷም ወሰደችው። ከባሏ ጋር ስትነጋገር መጀመሪያ የራሷን ጥፋት እንደምታስቀምጥና እሱም መከላከል እንደተወ ነግራናለች። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

ገንዘብ ማስያዝ ክልክል ነው። ስለ ውርርድ ብዙ አልልም። ውርርድ የገባበት ክርክር ውስጥ ማንም ሰው ተሳስቻለሁ አይልም፣ ብሩ አያስብለውም።

ደብተሩ ከኳስ ወጥቶ ያዳነን ጊዜ ግን አለ። ከፋብሪካው ልጅ ጋር የተያያዘ ወሬ ተነሳ። እጣው ሊደርሰው ነው፣ ብሩን እንደያዘ ወደ አዲስ አበባ ሊዘዋወር ነው ተባለ። አንዱ የእቁቡ አባል ተጨማሪ ዋስ ካልጠራ እጣው አይሰጠው ብሎ ተነሳ። ሌሎችም መወላወል ጀመሩ። አስተማሪው ሻዩን አስቀመጠና በእርጋታ ጠየቀው፦ «አይተሃል፣ አንብበሃል ወይስ ሰምተሃል?»

ሰውየው ዝም አለ። «ሰምቻለሁ» አለ በመጨረሻ። ከማን? ከሆነ ሰው። እሱስ? ከሌላ ሰው።

እዚያው ለፋብሪካው ልጅ ስልክ ደወልኩለትና ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። የተባለውን አንድም ሳልሸፍን ነገርኩት። ልጁ ዝውውር መጠየቁ እውነት ነበር፣ ግን ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ፈረቃ፣ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ሌሊት ብቻዋን ሊተዋት አልፈለገም። «ጀርባዬን ሳታሙ ስለደወላችሁ ይመቻችሁ» አለን። እጣውን በወቅቱ ወሰደ፣ ዛሬም ይጥላል። ያንን ጥያቄ በዊልትና በጆርዳን ስንለማመደው ባንቆይ ኖሮ ያን ቀን ማንም አይጠይቀውም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰው ሲቆጣ አዲስ ደንብ አያወጣም፣ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

በዚህ ዓመት ትልቁ ክርክራችን ሉካ ዶንቺች ነው። ለልብስ ሰፊዋ ነፍሷ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 አትላንታ ላይ 73 ነጥብ አስቆጠረ። ዳላስን ለዚያው ዓመት ፍጻሜ አበቃ። በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ግን ክለቡ በድብቅ ተደራድሮ ለሌከርስ አሳልፎ ሰጠው፣ አንቶኒ ዴቪስን ተቀበለ። አስተማሪው «ሥራ ነው፣ ክለብ ዘመድ አይደለም» ይላል። እሷ «መሸጡን ሽጡት፣ መደበቁ ምን አስፈለገ?» ትላለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ደንቡ እኔንም ይይዛል። የእኔ የምንጊዜም ምርጥ ቢል ራስል ነው፣ በ13 ዓመት 11 ዋንጫ። ዊልት በጨዋታ 50.4 ነጥብ ባስቆጠረበት የ1961-62 ዘመን የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የተመረጠው ራስል ነው። ያኔ መራጮቹ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ፣ ሁለቱንም ሜዳ ላይ የቀመሱ ሰዎች። ግን የሚጎዳኝን ልናገር። የቅጣት ምቱ 56 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚህ የሚከብድም አለ። ራስልና ዊልት ወዳጆች ነበሩ፣ ራስል በበዓል ቀን ዊልት ቤት ይበላ ነበር። በ1969 ፍጻሜ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ያኔ ለሌከርስ ይጫወት የነበረው ዊልት ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፣ ሌከርስም በራስል ቦስተን 108 ለ106 ተሸነፈ። ራስል በኋላ በአደባባይ ለምን ወጣ ብሎ ተቸው። ሁለቱ ከ20 ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቆዩ። ራስል በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቆ ታረቁ፣ ዊልት በ1999 አረፈ።

ልብስ ሰፊዋ ይህንን ይዛ አትለቀኝም። የወዳጁን ሕመም በራሱ ጉልበት አልተሰማውም፣ እንዴት አየሁ ይላል ትለኛለች። እኔ ደግሞ 11ዱን ዋንጫ ትቼ የይቅርታውን ነገር አነሳለሁ። ጋሼ ሁለቱንም ደብተሩ ላይ እንድጽፍ አዘዙኝ፣ ጽፌያለሁ። ቅዳሜ እንቀጥላለን።